ምጥን መጠበቅ ወይስ ማስጀመር? የኅሊና ጥያቄ



ካቴኪስቶቻችን በትዳር ዝግጅት ትምህርትም ሆነ በእናቶች ማኅበር ስብሰባ ላይ ደጋግሞ የሚቀርብላቸው አንድ ጥያቄ አለ። አንዲት ነፍሰ ጡር ቀኗ ደርሶ ወይም አልፎ ሳለ፣ ሐኪሙ ምጡን በመድኃኒት እናስጀምር ቢላት መቀበል ይገባታልን? ወይስ ምጡ በራሱ ጊዜ እስኪመጣ መጠበቅ ይሻላታል? ጥያቄው ብቻውን አይመጣም፤ «ምጥ በመርፌ የመጣላት ሴት መጨረሻዋ ኦፕራሲዮን ነው» የሚል ፍርሃት አብሮት ይመጣል።

ነገሩ የሕክምና ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለባለሙያዎቹ ትተነው ባለፍን ነበር። ዳሩ ግን ከወሊድ በኋላ የሚሰጥ ፍርድ አለ። ምጥ በመድኃኒት ተጀምሮላት በቀዶ ጥገና የወለደችውን እናት «ምን አስቸኮለሽ?» እንላታለን፤ ጠብቃ ልጇን ያጣችውን ደግሞ «ምን አስጠበቀሽ?» እንላታለን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፣ ሁለቱም ፍርዶች የሚነገሩት ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው፤ ሁለቱም የሚያርፉት በአንዲት ሴት ትከሻ ላይ ነው። በሰው ላይ የሚሰጥ ፍርድ እውነትን የተከተለ ይሆን ዘንድ ፍትሕ ግድ ይላል። ስለዚህም በቅድሚያ ስለ ነገሩ የታወቀውን፣ ቀጥሎም ኅሊና ሊመዝነው የሚገባውን እንመለከታለን።

ነገሩ ምንድን ነው?

ሐኪሞች የእርግዝናን ዕድሜ የሚቆጥሩት ሴቲቱ የመጨረሻውን የወር አበባ ካየችበት የመጀመሪያ ቀን አንሥተው ሲሆን፣ ሙሉው ጊዜ 40 ሳምንት ወይም 280 ቀን ነው። የቤተክርስቲያናችን የቀን አቆጣጠር ደግሞ ከመጋቢት 29 የጌታ ፅንሰት እስከ ታኅሣሥ 29 ልደቱ ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን፣ ማለትም 275 ቀን ይላል። ይህ ግን ከፅንስ ቀን የሚነሣ ቁጥር ነው። ፅንስ የሚሆነው ከወር አበባው መጀመሪያ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ በመሆኑ፣ የአባቶቻችን ቁጥር በሐኪሞች ስሌት ወደ 41 ሳምንት ከሁለት ቀን ይደርሳል። ሁለቱን አቆጣጠር የምታምታታ እናት ቀኗ ሳያልፍ አለፈ፣ ወይም አልፎ ሳለ ገና ነው ልትል ትችላለች። የወር አበባዋን ቀን በትክክል የማታስታውስ ሴት በእርግዝናዋ የመጀመሪያ ወራት በአልትራሳውንድ ብትመረመር ቁጥሩ የታመነ ይሆናል። ቀኑ ያልታወቀን ምጥ ማስጀመር ያልበሰለ ሕፃን እስከ ማስወለድ ሊያደርስ ስለሚችል፣ የመጀመሪያው ጥንቃቄ ቀኑን በሚገባ ማወቅ ነው።

ምጥን ማስጀመር ማለት በራሱ ያልመጣውን የማኅፀን መኮማተር በሰው እጅ መቀስቀስ ነው። የማኅፀን በር ገና ጠንካራና ዝግ ከሆነ በመድኃኒት ወይም ውሃ በሚሞላ ትንሽ ፊኛ ይለሰልሳል፤ ከዚያም የእንሽርት ውሃው ይፈሳል፣ ኦክሲቶሲን የተባለው መድኃኒትም በደም ሥር በጠብታ ይሰጣል። ኦክሲቶሲን በመሠረቱ የእናቲቱ አካል ራሱ የሚያመነጨው ንጥረ ነገር ነው። አሜሪካዊው ሊቅ ቪንሰንት ዱ ቪኞ እ.ኤ.አ. በ1953 በቤተ ሙከራ ሠርተውት በ1955 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ሐኪሙ ኤድዋርድ ቢሾፕ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1964 የማኅፀን በር ለምጥ ምን ያህል እንደ ተዘጋጀ የሚለካበትን ነጥብ አወጡ፤ ይህ ነጥብ ዛሬም በየማዋለጃ ክፍሉ ይሠራበታል።

እናቲቱ በእርግዝና ምክንያት የደም ግፊት ከያዛት፣ የእንሽርት ውሃው ፈስሶ ምጡ ከቀረ፣ ወይም ሕፃኑ በማኅፀን ማደጉን ካቆመ፣ መጠበቅ አደጋ መሆኑ ግልጽ ስለሆነ የኅሊናው ጥያቄ ብዙ አያከራክርም። አከራካሪው ሌላ ነው፤ እናቲቱም ሕፃኑም ጤናማ ሆነው ቀኑ ብቻ ደርሶ ወይም አልፎ ሲገኝስ?

ከምን ጋር ሲነጻጸር?

ለብዙ ዘመን ሐኪሞች ራሳቸው ምጥን ማስጀመር ቀዶ ጥገናን ያበዛል ብለው ያምኑ ነበር። ምጣቸው በመድኃኒት የተጀመረላቸውን ሴቶች ምጣቸው በራሱ ከመጣላቸው ጋር ሲያስተያዩ፣ በፊተኞቹ ዘንድ ቀዶ ጥገናው በዝቶ ያገኙት ነበርና። ቁጥሩ ሐሰት አልነበረም፤ ንጽጽሩ ግን ሚዛኑን የሳተ ነበር።

በምሳሌ እንየው። ቀድሞ አንዳንድ ሰዎች ሆስፒታል የገባ አይወጣም ይሉ ነበር። ወደ ሆስፒታል የሚወሰደው በሽታው የጸናበት ሰው ብቻ በነበረበት ጊዜ በዚያ ብዙ ሰው መሞቱ የሚደንቅ አይደለም፤ ከዚህ ተነሥቶ ገዳዩ ሆስፒታሉ ነው ማለት ግን ስሕተት ነው። የምጡም ነገር እንዲሁ ነው። ቀኗ የደረሰ ሴት ዛሬ ሐኪሟ ፊት ስትቀመጥ ሁለት መንገድ ብቻ አላት፤ ወይ ዛሬ ማስጀመር፣ ወይ መጠበቅ። «ዛሬ ምጥ በራሱ እንዲመጣልኝ» የሚል ሦስተኛ መንገድ የለም፤ ያ ምኞት እንጂ ምርጫ አይደለም። ከሚጠብቁት መካከል የአንዷ ምጥ በማግሥቱ በሰላም ይመጣል፤ ሌላዋ ግን እየጠበቀች የደም ግፊት ይይዛታል፣ የሌላዋም ጽንስ ይደክማል፤ በመጨረሻም ወይ ምጡ ይጀመርላታል ወይ ወደ ቀዶ ጥገና ትሄዳለች። እውነተኛው ንጽጽር እንግዲህ በማስጀመርና በመጠበቅ መካከል ነው፤ መጠበቅ ከሚያመጣው መልካምም ክፉም ሁሉ ጋር።

ንጽጽሩ በዚህ መንገድ ሲደረግ መልሱ ተለወጠ። እ.ኤ.አ. በ1992 በታተመ የካናዳ ጥናት 41 ሳምንት የሞላቸው ወይም ያለፋቸው 3,407 ሴቶች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፤ በቀዶ ጥገና የወለዱት ምጡ እንዲጀመርላቸው ከተመደቡት መካከል ከመቶ 21.2፣ ክትትል እየተደረገላቸው እንዲጠብቁ ከተመደቡት መካከል ከመቶ 24.5 ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ «አራይቭ» የተባለው ጥናት በአሜሪካ በ41 ሆስፒታሎች የበኩር ልጃቸውን የሚጠብቁ 6,106 ጤናማ ሴቶችን በዚሁ መንገድ አስተያየ። በ39ኛው ሳምንት ምጥ እንዲጀመርላቸው ከተመደቡት ከመቶ 18.6፣ እንዲጠብቁ ከተመደቡት ከመቶ 22.2 በቀዶ ጥገና ወለዱ። በእርግዝና የሚመጣው የደም ግፊትም በመጀመሪያዎቹ ከመቶ 9፣ በሁለተኛዎቹ ከመቶ 14 ገደማ ነበር። በሕፃናቱ ላይ የደረሰው ከባድ ጉዳት በመጀመሪያዎቹ ትንሽ አንሶ ቢገኝም፣ ልዩነቱ ከአጋጣሚ የማያልፍ ሊሆን ስለሚችል ተመራማሪዎቹ ለውጥ አለ ብለው አልደመደሙም።

እነዚህን ቁጥሮች ከመጠን በላይ ማክበድም ሆነ ማቃለል አይገባም። በአሜሪካው ጥናት መሠረት አንዲትን ሴት ከቀዶ ጥገና ለማዳን ለ28 ያህል ሴቶች ምጥ ማስጀመር ያስፈልጋል። ስለዚህ ምጧ በመድኃኒት የተጀመረላት ሴት ሁሉ ከቀዶ ጥገና ትድናለች አንልም፤ ነገር ግን መድኃኒቱን ስለተቀበለች ብቻ ቀዶ ጥገናን በራሷ ላይ አመጣች የሚለው ክስ መሠረት የለውም።

መጠበቅም ምርጫ ነው

አንዳንድ ምእመናን የሚያነሡት ተቃውሞ ከእምነት የሚመነጭ ነው። መጽሐፈ መክብብ ለመወለድም ጊዜ እንዳለው ያስተምራልና፣ ያን ጊዜ በሰው እጅ መቅደም በእግዚአብሔር አለመታመን አይሆንምን ይላሉ። ሐሳቡ ከአክብሮት የመነጨ ነውና በንቀት ሊታለፍ አይገባም። ሆኖም ሦስት ነገሮችን ልናስተውል ያስፈልጋል።

አንደኛ፣ ይኸው ቅዱስ መጽሐፍ በመጽሐፈ ሲራክ ሐኪምን እንድናከብር፣ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር መሆኑን እንድናውቅ ያስተምረናል። ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 12ኛ እ.ኤ.አ. በጥር 1956 ለሐኪሞች ባደረጉት ንግግር የምጥን ሥቃይ የሚያቀልሉ ዘዴዎች በራሳቸው ከግብረ ገብ ጋር የሚቃረን ነገር እንደሌለባቸው አስረድተዋል። የአሜሪካ ካቶሊክ ጳጳሳት ጉባኤ ለካቶሊክ የጤና ተቋማት ባወጣው መመሪያም በ49ኛው አንቀጽ፣ ጽንሱ ከማኅፀን ውጭ መኖር ከሚችልበት ጊዜ በኋላ ተመጣጣኝ ምክንያት ሲኖር ምጥን ማስጀመር እንደሚፈቀድ ተደንግጓል። ቁልፉ ቃል «ተመጣጣኝ ምክንያት» የሚለው ነው፤ የእናቲቱና የሕፃኑ ጤና ተመጣጣኝ ምክንያት ነው፤ የሐኪሙ የዕረፍት ቀን ወይም የተቋሙ ገቢ ግን አይደለም።

ሁለተኛ፣ መጠበቅ ምንም አለማድረግ አይደለም። አማራጭ እያለው የሚጠብቅ ሰው መጠበቅን መርጧል፤ ከምርጫውም ለሚከተለው የድርሻውን ኃላፊነት ይሸከማል። በስዊድን እ.ኤ.አ. በ2019 ውጤቱ የታተመ ጥናት 2,760 ሴቶችን ግማሾቹን በ41ኛው ሳምንት ምጥ እንዲጀመርላቸው፣ ግማሾቹን እስከ 42ኛው እንዲጠብቁ መደበ። ከጠባቂዎቹ ወገን ስድስት ሕፃናት ሲሞቱ ከሌላው ወገን አንድም ስላልሞተ ጥናቱ ከታቀደለት ጊዜ በፊት እንዲቆም ተደረገ። በቀዶ ጥገና የወለዱት ቁጥር በሁለቱም ወገን እኩል ነበር ማለት ይቻላል። ከሺህ ሴቶች መካከል የሚጎዱት ጥቂቶች ቢሆኑም፣ መጠበቅ ሁልጊዜ ንጹሕ ማስጀመር ሁልጊዜ ጥፋት ነው ማለት እንደማይቻል ይህ ያሳያል።

ሦስተኛ፣ ቀዶ ጥገናም ጠላት አይደለም። በአገራችን ይህን ከማንም ይልቅ የምናውቀው እኛ ነን። ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ሬጅናልድ ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1974 በአዲስ አበባ የፊስቱላ ሆስፒታልን ያቋቋሙት፣ ምጥ ለቀናት ጸንቶባቸው በጊዜው ቀዶ ጥገና ባለማግኘታቸው ሕፃናቸውንም ጤናቸውንም ላጡ ሴቶች ነው። እነዚያን እህቶች የጎዳቸው መቸኮል ሳይሆን የሚደርስላቸው ማጣት ነበር።

ቦታን መመዘን

እስከዚህ ያልነው ሁሉ ግን አንድ ትልቅ ማሳሰቢያ ካልተጨመረበት ሊያስት ይችላል። በአሜሪካና በስዊድን ሆስፒታሎች የተገኘ ውጤት በአንድ የገጠር ጤና ጣቢያ እንደዚያው ይደገማል ማለት አይደለም። ምጥን የሚያስጀምር መድኃኒት ኃይለኛ ነው። መጠኑ ከበዛ ማኅፀን ያለ ዕረፍት ይኮማተራል፤ የሕፃኑ እስትንፋስ ያጥራል፤ በቀድሞ ቀዶ ጥገና ጠባሳ ያለበት ማኅፀንም ሊተረተር ይችላል። ስለዚህ መድኃኒቱን የወሰደች ሴት ብቻዋን ልትተው አይገባም፤ የጽንሱን የልብ ትርታ የሚከታተል አዋላጅ፣ በአስፈላጊው ሰዓትም ቀዶ ጥገና የሚደረግበት ክፍል በቅርብ መኖር አለበት። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ምክር 41 ሳምንት መሙላታቸው በእርግጠኝነት ለታወቀ ሴቶች ምጥ እንዲጀመርላቸው ሲመክር፣ ከዚያ በፊት ግን ሌላ ችግር ለሌለባቸው አልመከረም። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የማኅፀንና ጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅ ጤናማ ለሆኑ የበኩር እናቶች በ39ኛው ሳምንት ምርጫውን ማቅረብ ተገቢ ነው አለ። ሁለቱ የተጣሉ አይደሉም፤ አንዱ የሚናገረው ለዓለም ሁሉ ሲሆን ሌላው ብዙ አዋላጅና ብዙ መሣሪያ ላለበት አገር ነው።

በእኛ አገር ሁለት ተቃራኒ ቁስሎች ጎን ለጎን ይታያሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በኢትዮጵያ በጤና ተቋም የተወለዱት ሕፃናት ከመቶ 26 ብቻ ነበሩ፤ በቀዶ ጥገና የተወለዱት ደግሞ ከመቶ 2 ያህል ነበሩ። በአዲስ አበባ ግን በዚያው ጊዜ ከመቶ 20 በላይ የሚሆኑት በቀዶ ጥገና ተወልደዋል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 እንደገለጸው፣ በአንድ ሕዝብ ውስጥ ቀዶ ጥገና ከመቶ 10 ሲያልፍ የእናቶችና የአራስ ሕፃናት ሞት ከዚያ ጋር ሲቀንስ አይታይም። በአንድ ወገን የሚያስፈልጋት የምታጣ እናት፣ በሌላ ወገን የማያስፈልጋት የሚደረግባት እናት አለች፤ ፍትሕ ለሁለቱም ትጮኻለች። ከዚህም በላይ፣ በማኅፀኗ ጠባሳ ይዛ ከሆስፒታል ወደ ራቀ መንደር የምትመለስ ሴት ቀጣዩ እርግዝናዋ የበለጠ አደጋ ስላለበት፣ የመጀመሪያው ቀዶ ጥገና በቀላሉ ሊወሰን አይገባም።

ትዕግሥት ማስጀመርን ከመረጡ በኋላም ያስፈልጋል። ያልተዘጋጀ የማኅፀን በር አንድ ቀን ሙሉ ወይም ከዚያ በላይ ሊፈጅ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የአሜሪካ ሐኪሞች መመሪያ እናትና ሕፃን ደኅና እስከ ሆኑ ድረስ በምጡ የመጀመሪያ ክፍል 24 ሰዓትና ከዚያም በላይ መጠበቅ እንደሚቻል፣ የእንሽርት ውሃ ከፈሰሰ በኋላም ኦክሲቶሲን ቢያንስ ከ12 እስከ 18 ሰዓት ሳይሰጥ ምጡ እምቢ አለ እንዳይባል ይመክራል። እንግዲህ አንዳንድ ጊዜ ወደ ቀዶ ጥገና የሚያደርሰው መድኃኒቱ ሳይሆን መድኃኒቱን የሰጠው ሰው መቸኮል ነው። መድኃኒት ሰጥቶ ሥራውን እስኪሠራ አለመታገሥ ዘርቶ በማግሥቱ አዝመራ እንደ መጠየቅ ነው።

የእናቲቱ ፈቃድ

ቅዱስ ቶማስ ዘአኩዊኖ አስተዋይነት ሦስት ሥራዎች እንዳሉት ያስተምራል፤ እነርሱም መመካከር፣ መፍረድና የፈረዱትን በሥራ ማዋል ናቸው። በማዋለጃ ክፍሎቻችን ብዙ ጊዜ የሚጎድለው የመጀመሪያው ነው። መድኃኒቱ በእጇ ላይ ከተሰካ በኋላ ምን እንደሚሰጣት የምትሰማ እናት አልተማከረችም፤ ተነገራት እንጂ። ምንም እንኳ ውሳኔው ትክክል ቢሆን፣ ያልተጠየቀ ሰው ክብሩ ተነክቷል።

ቀደም ሲል በጠቀስነው የአሜሪካ ጥናት ለመሳተፍ ብቁ ከነበሩት ሴቶች ፈቃደኛ የሆኑት ከመቶ 27 ብቻ ነበሩ፤ ከ16,000 በላይ የሚሆኑት ተጠይቀው እምቢ ብለዋል። በዕጣ ሊመደቡ ያልፈለጉት አላዋቂዎች ስለ ሆኑ አይደለም፤ ወሊድ በቁጥር ብቻ የሚመዘን ስላይደለ ነው። አንዷ የምጡን መምጣት በቤቷ መጠበቅ ትፈልጋለች፤ ሌላዋ ቀድሞ ባጣችው ሕፃን ምክንያት አንድ ቀን መጨመር ትፈራለች። ሐኪሙ አደጋውን ያውቃል፤ ፍርሃቷንና ተስፋዋን፣ ቤቷንና ከቤቷ እስከ ሆስፒታሉ ያለውን መንገድ የምታውቀው ግን እርሷ ናት። ምክር ሙሉ የሚሆነው ሁለቱ ዕውቀቶች ሲገናኙ ነው። ባልም በዚህ ምክር ድርሻ አለው፤ ድርሻው ግን አብሮ መስማትና ማገዝ እንጂ በእርሷ ፈንታ መወሰን አይደለም።

ለካቴኪስቶች

ስለዚህ ጉዳይ ስትጠየቁ የሐኪምን ቦታ አትያዙ፤ አስጀምሪ ወይም ጠብቂ ማለት የእናንተ ሥራ አይደለም። እናቲቱ ሐኪሟን ወይም አዋላጇን የምትጠይቀውን ግን ልታስታጥቋት ትችላላችሁ፦ ቀኔ በምን ታወቀ? ምክንያቱ ምንድን ነው? ዛሬ ከማስጀመርና ሳምንት ከመጠበቅ ለእኔና ለልጄ የትኛው ምን አደጋ አለው? የማኅፀን በሬ ተዘጋጅቷልን? ሌሊቱን ማን ይከታተለኛል? ቀዶ ጥገና ቢያስፈልግ እዚሁ ይደረጋልን፣ ወይስ ወደ ሌላ ቦታ እላካለሁ?

ከወሊድ በኋላ ደግሞ ሥራችሁ ፍርድን ማስቀረት ነው። የውሳኔ መልካምነት የሚለካው በተወሰነበት ቀን በነበረው ዕውቀትና በቅን ልቡና እንጂ በኋላ በሆነው ብቻ አይደለም። ተማክራ፣ አመዛዝና የወሰነች እናት ውጤቱ እንዳሰበችው ባይሆን ልታዝን ትችላለች፤ ኀዘን ግን በደል አይደለም፣ በደለኛም አያሰኛትም።

በአገራችን አራስን ስንጠይቅ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እንላለን። በአንዳንድ ቤት ግን ይህ ቃል በምጥ ለወለደችው ሞቅ ብሎ ሲነገር፣ በቀዶ ጥገና ለወለደችው ቀዝቀዝ ብሎ፣ ሐዘኔታ ተቀላቅሎበት ይነገራል። እንዲህ ያለው ልዩነት ይቅር። ሆዷ ተከፍቶ ልጇን የታቀፈችው እናትም ከሞት ጋር ተያይታ የተመለሰች ናት፤ ቁስሏ እስኪሽር ውሃ የሚቀዳላት፣ ገንፎ የሚያገነፋላት፣ ከባድ የሚያነሣላት ሰው ያስፈልጋታል። የቁምስናው እናቶች ማኅበር ይህን አስቦ ተራ ቢያወጣ መልካም ነው።